ከመስኮቱ ጀርባ፦ የዴስክቶፕ ቅንብርን በትእዛዝ መስመር ስለ መለወጥ



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ትንሽ ነው። በግራፊክስ መስኮት የሚሠራን ፕሮግራም ቅንብር፣ መስኮቱን ሳንከፍትና ማውስ ሳንነካ፣ በተርሚናል በምንጽፈው ትእዛዝ ስለ መለወጥ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ግን አንድን ቅንብር በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የምንለውጥ ሲመስለን ነው። እዚህ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳም ከአዲሱ ገበያም የሚመጡ ተማሪዎች በአንድ ማሽንና በአንድ የጋራ መለያ በየተራ በሚሠሩበት ክፍል፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው የአማርኛውን ኪቦርድ አጥፍቶት ከሄደ፣ ከተሰጠው ጊዜ ላይ ቅንብር ሲፈልግ ይከስራል። አርባ ኮምፒውተሮች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢያስፈልግ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠቅ ሲያደርግ ይውላል።

የኪቦርድን ምሳሌ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ የሆነ የኮድ አደራደር ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል፤ ሆኖም አማርኛ በብዙ ማሽኖች ላይ አሁንም በኋላ የሚጨመር ቅንብር ነው። ስለዚህ ቅንብር እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚተላለፍ ማወቅ ለእኛ የቴክኒሻን ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በኡቡንቱ ላይ ያለውን የግኖም ዴስክቶፕ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀድሞውን ጂኮንፍ የተካው ጂሴቲንግስ የተባለው ሥርዓት፣ ቅንብሮችን ስኪማ በሚባሉ ማኅደሮች ይመድባቸዋል። እያንዳንዱ ቅንብር ስም፣ የእሴት ዓይነትና መነሻ እሴት አለው። የግብዓት ምንጮች ስኪማ ውስጥ «ሶርስስ» የሚባል ቁልፍ አለ። በስላይዱ ላይ በላቲን ፊደል እንደምታዩት፣ «ሴት» በሚለው ትእዛዝ ሁለት ጥንዶች እንሰጠዋለን፦ አንደኛው የእንግሊዝኛውን ኪቦርድ፣ ሁለተኛው አማርኛን በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ የሚያስጽፈውን የሴራን ዘዴ ይጠራል። (ሴራ የእንግሊዝኛ ስያሜው ምሕጻር ነው፤ በአማርኛ ጆሮ የሚሰጠውን ትርጉም ለጊዜው እርሱት።) አንድ መስመር ጽፈን ስናበቃ ኪቦርዱ ተቀይሯል።

አሁን ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይህን ነው። በአንድ ተርሚናል «ሞኒተር» የሚለውን ትእዛዝ ለዚያ ስኪማ አስነሡና የቅንብር መስኮቱን ክፈቱ። በማውስ ኪቦርድ ስትጨምሩ፣ አዲሱ እሴት በዚያው ቅጽበት በተርሚናሉ ላይ ይጻፋል። በተቃራኒው ከተርሚናሉ ስትለውጡ፣ በመስኮቱ ያለው ዝርዝር ማንም ሳይነካው ይለወጣል። የቅንብሩ መኖሪያ መስኮቱ አይደለም፤ ዲኮንፍ የሚባለው የመረጃ ቋት ነው። መስኮቱም ተርሚናሉም ወደዚያው ቤት የሚያስገቡ ሁለት በሮች ናቸው። ልዩነቱ በሁለተኛው በር የገባንበት መንገድ ተጽፎ የሚቀር መሆኑ ነው፤ ሊላክ፣ ሊመረመር፣ «ሪሴት» ተብሎም ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል።

ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ ሥርዓት ያለው አይደለም። ፋየርፎክስ ቅንብሩን በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ «ፕሬፍስ» በሚባል የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ ያን ፋይል ብታርሙ ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ ሲዘጋ በማስታወሻው የያዘውን መልሶ ይጽፍበታል። በሚነሣበት ጊዜ የሚያነበው «ዩዘር» የሚባል ሌላ ፋይል ስላለ ትእዛዛችሁን እዚያ ጻፉ። ሊብረኦፊስም የተጠቃሚውን ለውጦች በኤክስኤምኤል ፋይል ስለሚይዝ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት የነካችሁት ፋይል እንደዚሁ ሊደመሰስባችሁ ይችላል። እንግዲህ ትእዛዝ ከመጻፋችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ «ፋይሉ የት ነው?» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ሰዓት የፋይሉ ባለቤት ማን ነው?» የሚል ነው።

ወደ አርባዎቹ ኮምፒውተሮች እንመለስ። ብዙ ተማሪ በርቀት በኤስኤስኤች ገብቶ ያንኑ የጂሴቲንግስ ትእዛዝ ይሰጥና ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ይደነግጣል። ምክንያቱ ለውጡ የሚጻፈው በተጠቃሚው ክፍለ ጊዜ የመልእክት መስመር፣ ማለትም በዲ-ባስ በኩል መሆኑ ነው፤ በርቀት ሲገቡ ያ መስመር ላይኖር ይችላል። ለክፍል የሚሻለው መነሻ እሴቶቹን በማሽኑ የጋራ የዲኮንፍ ቋት ውስጥ ጽፎ «ዲኮንፍ አፕዴት» ማለት ነው። በዚያው ሥፍራ ቁልፎችን መቆለፍም ይቻላል፤ የተቆለፈውን ቅንብር ተጠቃሚው በመስኮቱም በትእዛዝም ሊለውጠው አይችልም።

ኪቦርዱንም ቆልፈን እንገላገል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። አማርኛን መነሻ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ወንበር ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ በትግርኛ ወይም በቁቤ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሊሆን ይችላል። መነሻ እሴት እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ቁልፍ ግን በር ዘጊ ነው።

የትእዛዝ መስመር ሥልጣን ወሰን እንዳለውም መናገር ይገባል። «ሬንጅ» የሚለውን ትእዛዝ ለሰዓት አጻጻፍ ቁልፍ ብትሰጡት፣ የተፈቀዱትን እሴቶች ይነግራችኋል፦ ሃያ አራት ሰዓት ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዓት። ከንጋት ጀምረን የምንቆጥርበት የእኛ ሰዓት በዝርዝሩ የለም። እኛ ጧት ሦስት ሰዓት ስንል ማሽኑ ዘጠኝ ይላል፤ ሌላ እሴት ብንሰጠውም ስኪማው አይቀበልም። የሰዓት ቀጠናውን ወደ ቦነስ አይረስ የቀየረ ሰው በእርግጥ ቁጥሩ ይገጥምለታል፤ ዳሩ ግን በኢሜይሉ ላይ አርጀንቲናዊ ሆኖ ይቀርባል።

የጎደለው እሴት የሚጨመረው በትእዛዝ ሳይሆን በፕሮግራም ነው። ለግኖም የሚጻፍ ተጨማሪ ቅጥያ የራሱን ስኪማ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአገራችንን ሰዓት የሚያሳይ ቅጥያና «ከንጋት» የሚል እሴት ያለው አንድ ቁልፍ፣ ለአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጂሴቲንግስ ያን ቁልፍ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ ይለውጠዋልም። ሥራውን ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ያነጋግረኝ።