ደንብና ሥራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጥንቱ ቅፍለት ነጋዴ ከገደሉና ከሽፍታው ሌላ የሚፈራው ኬላውን ነበር። ጨው ወይም ቡና ጭኖ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ ኬላው በበዛ ቁጥርም ትርፉ ይመነምናል። ያ ዘመን አልፏል። ይሁን እንጂ የኬላ ልማድ ከጽሕፈት ቤት ጨርሶ አለመውጣቱን፣ አንድ ፈቃድ ለማግኘት ወራት በደጅ ጥናት ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ንግግር ዓላማም የንግድና የሥራ ደንቦች እንዴት ቢሻሻሉ ለአገር ልማት እንደሚበጁ ከመሐንዲሱ ሙያ አንጻር መመርመር ነው።

በቅድሚያ የታሪኩን ሂደት በአጭሩ መመልከት ይገባል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ዣን ኤስካራ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ጀምረው፣ እርሳቸው ሲሞቱ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል። ይህ ሕግ ሥር ሳይሰድ የመንግሥት ለውጥ መጣ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 በኢንዱስትሪ የሚሰማራ የግል ባለሀብት ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሥራው የሰመረለት ሰው ማስፋፋት ተከለከለ ማለት ነው። ይህ አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መግለጫ ድረስ ዘለቀ፤ በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 15 ደግሞ ለግሉ ዘርፍ አዲስ በር ከፈተ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተደረጉት ማሻሻያዎች ከቀደሙት የሰፉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 የአስተሳሰብ ለውጥ አስከትሏል፤ ይኸውም ለውጭ ባለሀብት የተፈቀዱትን መስኮች በመዘርዘር ፈንታ የተከለሉት ብቻ ተዘርዝረው የቀረው ሁሉ ክፍት እንዲሆን መደረጉ ነው። ስድሳ ዓመት ያገለገለው የንግድ ሕግም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተሻሽሎ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ቀድሞ ሕጉ ሁለት ሰው ስለሚጠይቅ ብቻ ዘመዱን በስም ባለድርሻ ያደርግ የነበረ ባለሙያ ከዚህ ማስመሰል ተገላገለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተፈቀደ።

እነዚህን እርምጃዎች በምን ሚዛን መለካት ይገባል? የዓለም ባንክ በየዓመቱ ያወጣው በነበረው የሥራ አመችነት መዘርዝር፣ እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2020 ሪፖርቶች ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። ደረጃውን ማሻሻልም ከመንግሥት ዓላማዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ባንኩ ራሱ በመረጃዎቹ ላይ መዛባት ስላገኘ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የመዘርዝሩን ኅትመት አቆመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ደንብን ለደረጃ ብሎ የሚያሻሽል አገር፣ ሚዛኑ የተሰበረ ዕለት ምን እንዳተረፈ ማወቅ ይሳነዋል። ትክክለኛው መለኪያ ባለጉዳዩ የሚያጠፋው ጊዜና ገንዘብ ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አንድ ሰው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለመክፈት 1 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ የዓመት ወለድ ተበደረ እንበል። ፈቃዱ በዘገየ ቁጥር በየወሩ 12,500 ብር ወለድ ይቆጠርበታል። ስድስት ወር ቢጠብቅ፣ አንድ ብሎን ሳያጠብቅ 75,000 ብር ዕዳ ይጨምራል። የሠራተኞቹ ደመወዝና የሚከራየው ቦታ ኪራይ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሸክም መሸከም የሚችለው ባለጸጋው ነው፤ ጀማሪው ግን ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ እጅ መንሻ ይፈልጋል።

ይህ ሲባል ቁጥጥር ይቅር ማለት አይደለም። ቁጥጥር የሌለበት ግንባታ የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ከመሐንዲስ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መፍትሔው ቁጥጥሩን በአደጋው መጠን መመጠን ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ ፎቅ የሌለውንና በተሸካሚ አካላቱ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን በምድብ «ሀ»፣ ፋብሪካን፣ ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን በምድብ «ሐ»፣ መካከለኛውን በምድብ «ለ» አደረገ። ለጎጆና ለሲኒማ አዳራሽ አንድ ዓይነት ምርመራ አለመጠየቁ ብልህነት ነበር። ይኸው መርሕ ለንግድ ፈቃድ፣ ለጉምሩክ ፍተሻና ለመብራት ቅጥያ ቢውል ትንሹ ሥራ በትልቁ ሥራ ወረፋ አይታገትም።

የቀረው ዋና ጉዳይ የፈጻሚው ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ፈቅዶ ስሕተት ቢገኝ ይጠየቃል፤ አዘግይቶ ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ሐቀኛው ሠራተኛ እንኳ ራሱን ለመጠበቅ ሲል «ነገ ተመለሱ» ማለትን ይመርጣል። ሐቀኛ ያልሆነው ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት መመሪያው ያደርጋል። አዋጅ ቢለወጥም ይህ ሚዛን ካልተስተካከለ ለውጡ ከነጋሪት ጋዜጣ ገጽ ወደ ባለጉዳዩ መስኮት አይደርስም። በመሆኑም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፈቃድ የተቆረጠ ቀን ይኑረው፤ አደጋው አነስተኛ በሆነ ሥራ ቀኑ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ አመልካቹን የሚመልስ ባለሙያ ጉድለቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ያለ በቂ ምክንያት ማዘግየት እንደ ጥፋት ይቆጠር።

የዚህ ማኅበር አባላት በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል ይገኛሉ። አንዱ ንድፉን ይዞ ይሰለፋል፤ ሌላው በማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ንድፉን ይመረምራል። አንድ ንድፍ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በየጊዜው አዲስ ጉድለት የሚወጣለት ከሆነ፣ መላሹም ተመላሹም የአንድ ሙያ ልጆች መሆናቸው ያሳፍራል። የመጀመሪያው ማሻሻያ አዋጅ እስኪወጣለት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የሚመረምረው መሐንዲስ ነገ ጠዋት ከፊቱ ያለውን ፋይል በአንድ ጊዜ አንብቦ፣ ጉድለቱን ለይቶ ጽፎ፣ በቀኑ ቢመልስ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።