በአንድ አሮጌ መኪና ሞተር ውስጥ ስለ ታየ እንግዳ መበላት
(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የፕሮግራሙ ኮሚቴ ስለ ትምህርቴ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስለ ግድብ ወይም ስለ ሮኬት የሚናገር መሐንዲስ ጠብቆ እንደ ነበረ አውቃለሁ። እኔ ይዤ የመጣሁት ግን ይህን ጣት የሚያህል ብረት ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉትና እግሩን ዳስሱት። ሲሠራ ልሙጥ ነበረ፤ አሁን እንደ ሻይ ማንኪያ ጎድጉዷል። የጎደጎደውም ሁለት ሺህ ማይል እንኳ ሳይሄድ ነው። ምክንያቱን ፈልጌ ባገኘሁ ጊዜ ጥፋተኛው እኔው ራሴ ሆኜ ስለ ተገኘሁ፥ ጉዳዩን በሚገባ አውቀዋለሁ።

መኪናው የቤት አከራዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራ፥ ጣራው የሚገለጥ፥ ኤምጂቢ የሚባል የስፖርት መኪና ነው። ይህ ዓይነት መኪና በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ፥ ቁጥሩ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ደርሷል። ሞተሩ 1798 ሲሲ፥ አራት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር ያለው፥ ምንም ምሥጢር የሌለበት ሞተር ነው። አከራዬ ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናውን የገዙት ከሟች ባለቤታቸው ጋር ስለ ሆነ ለመሸጥ አይፈልጉም። ባለፈው ዓመት ሞተሩ አርጅቶ ሲፈታ፥ አዲስ ካምሻፍትና አዲስ ፑንቴሪያ ገዝተው ለእኔና ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ሰጡን። እኛም ገጠምነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለነዚህ ዕቃዎች የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የራሱ ስም አለው፤ እኔ ግን የምጠራቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እንደ ሰማሁት ነው፤ ባልቦላ፥ ቴስታታ፥ ካንዴላ፥ ፑንቴሪያ። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ቃላቸው ግን ከመፍቻው ጋር ቀረ።

ካምሻፍት በሞተሩ ጎን የተጋደመ ዘንግ ሲሆን ስምንት እንቁላል የመሰሉ ጉብታዎች አሉት። ጉብታው ፑንቴሪያውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ፑንቴሪያው ቀጭኑን ዘንግ፥ ዘንጉ ከላይ ያለውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም ባልቦላውን ተጭኖ ይከፍተዋል። አሁን በእጃችሁ የሚዘዋወረው ፑንቴሪያ ነው።

ችግሩ የጀመረው በጸደይ ወራት ነው። መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ በካርቡራተሩም በኩል እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ ይሰማል። አንድ ጋራዥ ካርቡራተሮቹን አድሶ ሒሳቡን ተቀበለ፤ ማስነጠሱ ግን አልቀረም። እኔም በበኩሌ የባልቦላውን ክፍተት አስተካከልሁ። በዚህ ሞተር ክፍተቱ 0.38 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ሰባቱ ባልቦላዎች ባሉበት ሲጸኑ፥ አራተኛው ብቻ በየሁለት ሳምንቱ እየሰፋ አስቸገረኝ። እኔ ግን በየጊዜው ብሎኑን አጠብቅ ነበር እንጂ ለምን እንደሚሰፋ አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ እንደ ተማሪ ማሰብ ጀመርሁ። የየሲሊንደሩን ግፊት ለካሁ፤ አራቱም እኩል ሆኑ። ስለዚህ ፒስቶኑ፥ ፋሻውና የባልቦላው መቀመጫ ነፃ ወጡ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አለዋወጥሁ፤ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ አልሄደም፥ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ቀረ። የዘይቱም ግፊት ደኅና ነበረ። ከዚህ በኋላ የላዩን ክዳን አንሥቼ ጓደኛዬ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ እንዲያዞር አደረግሁና ዝም ብዬ ተመለከትሁ። ሰዓት የመሰለውን መለኪያ በየዘንጉ ጫፍ ላይ ሳስቀምጥ፥ ስድስቱ ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ በልጠው ተነሡ፤ አራተኛውና ስምንተኛው 5 እንኳ አልሞሉም። ሁለቱም የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣባቸው ባልቦላዎች ናቸው።

ማስነጠሱ በዚህ ተፈታ። የተቃጠለው ጋዝ ጨርሶ መውጣት ስላልቻለ፥ የመግቢያው ባልቦላ ሲከፈት ትኩሱ ጋዝ ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል። ግፊቱን ስለካ እኩል የሆነው ደግሞ በዚያ ጊዜ ሞተሩ የሚዞረው በዝግታ ስለ ሆነ፥ በጠባቡም መክፈቻ አየሩ የሚወጣበት በቂ ጊዜ ስላለው ነው።

ክፍተቱን የምንለካበት ስስ ብረት ይህን ሊያሳየኝ ያልቻለበትን ምክንያት ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክፍተት የሚለካው ፑንቴሪያው በጉብታው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የሚበላው ግን አፍንጫው ነው። አፍንጫው ግማሹ ቢያልቅ እንኳ መለኪያው 0.38 ይላል። አራተኛው ላይ ክፍተቱ የሰፋው የፑንቴሪያው እግር በመበላቱ ነበረ፤ የስምንተኛው እግር ገና ስላልጎደጎደ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አልተናገረም።

እንግዲህ ለምን ተበላ? ሦስት ተጠርጣሪዎች ነበሩ። አንደኛው ብረቱ ነው። በትምህርት ክፍላችን የጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ ላይ የተበላውንና ያልተበላውን ፑንቴሪያ ጎን ለጎን ፈተንሁ፤ ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለተኛው ዘይቱ ነው። በዘይት ውስጥ ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም አለ፤ ብረትና ብረት ሲፋተጉ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ይሠራል። ነገር ግን ፎስፎረሱ የዛሬ መኪናዎችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚያበላሽ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ውስጥ ከመቶ 0.08 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለአዲስ ሞተር ይህ ጉዳት የለውም፤ እንደዚህ ላለ ፑንቴሪያው በጉብታው ላይ ለሚንሸራተት አሮጌ ሞተር ግን ጥበቃው ይቀንሳል። እኔም ውድ ነውና ይሻላል ብዬ የሞላሁት ያንኑ አዲሱን ቀጭን ዘይት ነበረ። ሆኖም ስምንቱም ጉብታዎች የጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ የተበሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ እኔ ነኝ። ፑንቴሪያ ሲሠራ በቦታው ቀስ እያለ መሽከርከር አለበት፤ ካልተሽከረከረ ጉብታው ሁልጊዜ አንዱን መሥመር ይፍቀዋል። የደኅናዎቹን እግር በአጉሊ መነጽር ስመለከት የፍትጊያው ምልክት ክብ ነው። የሁለቱ ግን ቀጥ ያለ ጭረት ነው። ስገጥማቸው እያንዳንዱን በጣቴ አዙሬ ልፈትን ይገባኝ ነበር፤ ቸኮልሁ። ይህም ሳይበቃ፥ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተነሣ ቀን፥ ሁለቱን ካርቡራተሮች ለማስማማት ብለን ግማሽ ሰዓት ያህል በዝግታ አዞርነው። አዲስ ካምሻፍት ግን ገና እንደ ተነሣ ሃያ ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር መዞር አለበት፤ ምክንያቱም ጉብታዎቹ ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው ከታች ከሚረጨው ስለ ሆነ፥ በዝግታ ሲዞር የሚረጨው ትንሽ ነው። ያን ዕለት በድምፁ ማማር ተደስተን ጎረቤት ጠርተን ነበር።

ይህን ሁሉ ለአከራዬ ማታ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነገርኋቸው። መጽሐፉን ሳልጨርስ ሞተራቸውን እንደ ገጠምሁም አልደበቅሁም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «የካርቡራተሩን ሒሳብ እርሳው፤ የካምሻፍቱን ግን አንተ ትከፍላለህ» አሉኝ። የክረምት ሥራዬ ደመወዝ ወደዚያው ሄደ።

ሞተሩን አውጥተን ኮፓውን ስንከፍት ብናኝ ብረት ተኝቶበት አገኘን፤ ብሮንዚኖቹም በዚያው ስለ ተቧጨሩ ለወጥናቸው። የዘይቱን መንገድ ሁሉ አጠብን። አዲሶቹን ፑንቴሪያዎች አንድ በአንድ በጣቴ አዞርሁ፤ አንዱ ስለ ጠበቀብኝ መልሼ በሌላ ለወጥሁት። ጉብታዎቹን ለዚሁ የተሠራውን ቅባት ቀባን፤ ለአሮጌ ሞተር የሚሸጠውን ወፍራሙን 20ደብልዩ50 ዘይት ሞላን፤ ካርቡራተሩን ሳንነካ ሃያ ደቂቃ በሰዓት ቆጥረን አዞርነው። አከራዬ ሰዓቱን ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር። 500 ማይል ከሄደ በኋላ ስምንቱን እንደ ገና ለካሁ፤ ሁሉም እኩል ናቸው። በሺህ ማይል ደግሜ እለካለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ፑንቴሪያው ግን ከኋላ ረድፍ ወደ እኔ ይመለስልኝ፤ አከራዬ መደርደሪያቸው ላይ ሊያስቀምጡት ስለሚፈልጉ ነገ አመጣለሁ ብያቸዋለሁ።