መጽሐፉን ከሳጥን እናውጣው



ሰቆጣ ላይ ብዙዎቻችን መጽሐፍን እንደ ክት ልብስ በሳጥን እንቆልፋለን። ፍርሃታችን ልክ ነው፤ የምድጃ ጭስ፣ ምስጥና አይጥ አለ። የተዋሰ ሁሉም አይመልስም።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ሰብለ ወንጌልን ባለጸጋው አባቷ ቤት ድረስ መምህር አምጥተው አስተማሯት። እኛ መምህር መቅጠር ባንችል መጽሐፉ አለን፤ ተቆልፎ ግን አያስተምርም።

ስለዚህ መደርደሪያውን ከመሬትና ከግድግዳ እናርቀው፤ ምስጥ የሚመጣው በእነሱ ነው። እንደ ዕቁባችን የውሰት ደብተር እንያዝ፤ የወሰደችው ትፈርም። ቡና ሲፈላ የተማረችው ታንብብልን፤ አማርኛው ሲከብደን በኽምጣና እንጠያየቅ። ገጹ ቢሳሳም፣ አይጥ ከሚበላው ልጅ ቢያገላብጠው ይሻላል። ያኔ የአንዲት ቤት መጽሐፍ ለመንደሩ ይተርፋል።