በድንገተኛ አደጋ ከቦታው ስለለቀቀ ጥርስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንደሚታወቀው በዚህ ጉባኤ ላይ የሚነሳው ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ወንበር፣ ስለ ቀሪዎችም መቀጫ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥርስ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ከወረቀት ጋር የጨረስኩ ጡረተኛ ጸሐፊ ነኝ፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዋጋ ከፍያለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የከፈለው ደግሞ ልጄ ነው። ስለዚህ ሌላው እንዳይከፍል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም፣ የቡና ለቀማ በደራበት ሰሞን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ አጋሮ አጠገብ ወዳለው ወደ አክስቱ ቡና ሄድኩ። ልጁ ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ስቦ ለአክስቱ ሲያጎነብስላት እንጨቱ አፈትልኮ አፉን መታው። ደሙ ብዙ ነበር። አፉን ስንከፍት ከላይ ከፊት ካሉት ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ወደ ላንቃው ተጋድሟል። አልወጣም፣ አልተሰበረም፤ ቦታውን ብቻ ለቋል። በቦታው የነበርን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ፣ «ይኸ ከእንግዲህ የሞተ ነው፤ ካልወጣ ያመረቅዛል» አልን። እኔም በመሐረብ ይዤ ነቀልኩት። በቀላሉም አልወጣልኝም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ታግዬ ነው። ከዚያ ልጁ ይጽናና ብለን እንደ ልማዳችን ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወረወርነው። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያ ጥርስ የወተት ጥርስ አልነበረም፣ ስለዚህ ተመልሶ አልበቀለም። ልጄ ከዚያ ክፍተት ጋር አደገ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በሠርጉ ዕለት ፎቶ አንሺው «ፈገግ በል» ቢለው ከንፈሩን ገጥሞ ነው የተነሳው። አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለራሴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላሠራ ስሄድ ታሪኩን ለአንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነገርኩት። «ሲነቅሉት ጠንክሮብዎት ነበር ወይ?» አለኝ። አዎን አልኩት። «እንግዲያው አባባ፣ ጠንክሮ የያዘው አጥንቱ ነበር። ወደ ጎን የተገፋ ጥርስ የሥሩ ጫፍ አጥንት ውስጥ ይቀረቀራል። በማደንዘዣ አላቅቀን ወደ ቦታው እንመልሰው ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን የጥርስ ሐኪም ሁሉ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከእነሱ የሰማሁትንና ራሴም ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ጥርስ እንዴት እንደሚኖር እንወቅ። ጥርስ በአጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል እንደ ክር የቀጠኑ ጅማቶች አሉ፤ ጥርሱን ይዘው የሚያኖሩት እነሱ ናቸው፣ ሕይወትም አላቸው። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ችግኝ ከመደቡ ስናነሳ ሥሩ ፀሐይ መትቶት ከደረቀ ወይም ተፍቆ ከተላጠ እንደማይጸድቅ እናውቃለን። በእርጥብ አፈር ተጠቅልሎ ቶሎ ከተተከለ ግን ይይዛል። የጥርስ ሥርም እንደዚሁ ነው፤ የሚገድለው መድረቅና መፋቅ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም የንስ አንድሪያሰን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ወልቀው የተመለሱ 400 የፊት ጥርሶችን ተከታትሎ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1995 አሳትሟል። ቶሎ የተመለሰው ጥርስ ከዘገየው፣ በእርጥብ የቆየውም ከደረቀው በተሻለ እንደሚድን ከዚያ ሥራ ታውቋል።

ጥርስ ሲመታ የሚደርስበት ጉዳት ልዩ ልዩ ነው።

አንደኛ፣ ተነቃንቆ ከቦታው ያልለቀቀ አለ። ያማል፣ ድዱም ይደማል። ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ምግብ በመብላትና በመጠንቀቅ ይድናል።

ሁለተኛ፣ ወደ ታች ወጣ ብሎ ከጎረቤቱ የረዘመ አለ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ይመልሰውና በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር አያይዞ ለ2 ሳምንት ያህል ያቆየዋል።

ሦስተኛ፣ እንደ ልጄ ጥርስ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የተጋደመ አለ። አጥንቱም ስለሚሰነጠቅ ሽቦው 4 ሳምንት ያህል ይቆያል።

አራተኛ፣ ወደ ላይ ወደ ድዱ የተቀበረ አለ። ይኸ ክፉው ነው። አንዳንዴ ጨርሶ ስለማይታይ «ወልቆ ጠፋ» ይባላል፣ እሱ ግን እውስጥ ነው። የሚለየው በራጅ ነው።

አምስተኛ፣ ጨርሶ ወልቆ መሬት የወደቀ አለ። ይህም ቢሆን ተመልሶ ሊተከል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አስምሩበት። የወለቀ የወተት ጥርስ አይመለስም፤ ቢመለስ ከበላዩ ያለውን የቋሚውን ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል። ከቦታው የለቀቀ የወተት ጥርስም ቢሆን ሐኪም ይየው እንጂ በቤት አይነቀል፤ ብዙው በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። ከላይ ያሉት የፊት ቋሚ ጥርሶች የሚበቅሉት በ7 እና በ8 ዓመት ግድም ነው። አዲስ ቋሚ ጥርስ ከወተት ጥርስ ይሰፋል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጫፉም እንደ መጋዝ ጥርጥር ያለ ነው። ካልለየላችሁ ግን አትመልሱት፤ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቋሚ ጥርስ ከቦታው ለቆ ግን ካልወለቀ፣ አትጎትቱት፣ በኃይልም አትግፉት። ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ደሙን ይጫን፣ ከውጭ በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ከንፈሩን ያዙለት፣ በዚያው ቀን ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂድ።

ጨርሶ ከወለቀ ደግሞ እንዲህ ነው። ጥርሱን ፈልጉ። በአፍ ውስጥ የሚታየውን ነጩን ክፍል ይዛችሁ አንሱት፤ ሥሩን በእጃችሁ አትንኩ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ለቅለቅ አድርጉት፤ በሳሙና አይታጠብም፣ በጨርቅ አይፈተግም። ከዚያ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱት፤ ልጁም መሐረብ ነክሶ ይያዘው። ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ተስፋው ትልቅ ነው። ደርቆ ከ60 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን በሥሩ ላይ ያለው ሕይወት ያልቃል።

መመለሱን ካልደፈራችሁ ጥርሱን ቀዝቃዛ፣ ያልረጋ ወተት ውስጥ ክተቱት። ወተት ካጣችሁ ልጁ ምራቁን ስኒ ውስጥ ይትፋና እዚያ ይቀመጥ። ሁለቱም ከሌለ ተራ ውሃም ቢሆን ከመድረቅ ይሻላል። በሶፍት ጠቅልሎ ኪስ መክተት ግን ችግኙን ፀሐይ ላይ እንደ መጣል ነው። ሰዓቱ ቢያልፍም ጥርሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘግይቶ የተመለሰ ጥርስ ዕድሜው ቢያጥርም ልጁ እስኪያድግ አጥንቱን ይዞ ሊያቆይለት ይችላል።

አንዳንድ ልማዳችንንም እንተው። ደም ሲፈስ የቡና ዱቄት ቁስል ላይ እንነሰንሳለን። ቡናችንን የሚወደው ሁሉ ዓለም ነው፣ ለተመታ ድድ ግን መድኃኒት አይደለም። አመድም፣ አረቄም እንደዚሁ ነው። የወተት ጥርስን ጣሪያ ላይ መወርወሩ ለልጆች ደስታ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ከመወርወራችሁ በፊት የወተት መሆኑን አይታችሁ ይሁን።

ልጁ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ካስመለሰው፣ ወይም ራሱን በጣም ካመመው ግን ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ ይታይ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አፈር የነካው ቁስል ካለ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልገው ሐኪሙን ጠይቁ። ከንፈሩ ከተቀደደ ደግሞ የጥርስ ስባሪ ውስጡ እንዳይቀር ይፈተሽ።

ይህን ሁሉ ያመንኩት ካየሁ በኋላ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ በየሰፈራችን ኳስ የማይራገጥ ልጅ እንደሌለ ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም አንድ የጎረቤት ልጅ፣ 11 ዓመቱ ነው፣ በክርን ተመትቶ ጥርሱ ወለቀ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጓደኞቹ ጥርሱን አቧራ ውስጥ ፈልገው አመጡልኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ልመልሰው አልደፈርኩም። ባለቤቴን «ወተት!» አልኳት፤ በስኒ አመጣች። ጥርሱን ከስኒው ውስጥ ከትተን፣ ልጁን ከእናቱ ጋር ባጃጅ ላይ አሳፍረን ይዘናቸው ሄድን፤ ጥርሱ ከወለቀ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከሐኪም ፊት ደረሰ። ተመለሰለት፣ ሽቦ ታሰረለት፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ሽቦው ወጣ። የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ውስጡ ተጠርጎ ተሞላለት። ሐኪሙም ለናቱ፣ «እስከ ዕድሜ ልክ ይኖራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ክትትሉን እንዳታቋርጡ» ብሏታል። እስከ ዛሬ ግን ጥርሱ በቦታው አለ፣ ልጁም አፉን ሳይሸፍን ይስቃል።

ክትትል ያልኩትን እንዳትንቁት። የተመለሰ ጥርስ ከወራት በኋላ ሊጠቁር፣ ድዱም መግል ሊቋጥር፣ ሥሩም ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ጠፋ ብሎ መቅረት ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በተደጋጋሚ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ለ5 ዓመት ያህል መታየት አለበት።

እኛ የጅማ ሰዎች እድለኞች ነን። ዩኒቨርሲቲያችን የጥርስ ሐኪሞች ያሠለጥናል፣ በሕክምና ማዕከሉም የጥርስ ክፍል አለ። ነገር ግን ብዙዎቻችን በቡናው ሰሞን በገጠር ነን። አጋሮ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና እስኪገኝና መንገዱ እስኪያልቅ ያችው አንድ ሰዓት ታልቃለች። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢያውቅ ያችን ሰዓት መልሶ ማምጣት አይችልም። ያች ሰዓት የሐኪሙ አይደለችም፤ ከልጁ አጠገብ የቆመው ሰው ናት፣ ማለት የእናትና የአባት፣ የመምህሩ፣ የቡና ለቃሚው፣ የባጃጅ ነጂው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችሁ ዛሬ ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁና ለሠራተኞቻችሁ ሦስት ቃል ንገሩልኝ፦ አትንቀሉ፣ አታድርቁ፣ አትዘግዩ። ሁለተኛ፣ እድራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ተነፍቶ ሁሉም ይሮጣል፤ የአባል ልጅ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስበት ለትራንስፖርትና ለመጀመሪያው ሕክምና የሚሆን መጠነኛ ብድር ኮሚቴው በዚያው ቀን እንዲሰጥ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ቢታከል ብዬ አሳስባለሁ። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ ከተቃጠለ በኋላ ነው የነቃሁት። ልጄ ይህን ንግግር እንደማደርግ ሲሰማ፣ «አባባ፣ እኔን ጥቀስ፤ ለሰው ይጠቅማል» ብሎ ፈቀደልኝ፤ ሲለኝም አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቅ ነበር።

እግዚአብሔር፣ አላህም፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።