ለማሽን የሚጻፍ ካርድ

(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። «ሐኪም እዚህ ምን ቤት ናት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የታካሚ ሞኒተር ከሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶች ጋር ስሠራ ያየሁት ነገር ኢንተርን የነበርኩበትን ጊዜ ስላስታወሰኝ ነው።

ያኔ አንድ ታካሚ ከሌላ ቦታ ሪፈር ተጽፎለት መጣ። ወረቀቱ «ስኳር 18» ይላል፤ መለኪያው አልተጻፈም። እኛ በለመድነው ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ሰው የሚገድል ዝቅተኛ ስኳር ነው። ግሉኮስ ልሰጥ ስል አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሲስተር «ዶክተር፣ እስቲ መጀመሪያ እንለካ» አለችኝ። ከ300 በላይ ሆነ! ለካስ የተጻፈው በሚሊሞል በሊትር ኖሯል፤ በ18 ሲባዛ 324 ይመጣል።

ሊኑክስም ዕቃውን የሚያውቀው በካርድ ነው። በትንንሽ ቦርዶች ላይ የትኛው ሴንሰር በየትኛው መስመር እንደተገናኘ ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ማግኘት ስለማይችል፣ ዲቫይስ ትሪ የሚባል ጽሑፍ ይነግረዋል። ያ ጽሑፍ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስነው ቅጽ ስኪማ ይባላል። ቅጹ ሲዘጋጅ የሚሠሩት ስሕተቶች እኛም ካርድ ላይ የምንሠራቸው ናቸው።

አንደኛ፣ መለኪያ መርሳት። «መዘግየት 50» ብሎ መተው አይበቃም። ሚሊሰከንድ ይሁን ማይክሮሰከንድ፣ ደንቡ እንደሚለው ከስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል።

ሁለተኛ፣ በዕቃው ፈንታ ፕሮግራሙን መግለጽ። «በየ5 ሰከንዱ አንብብ» የፕሮግራሙ ምርጫ ነው፤ ሴንሰሩ በየትኛው የኃይል መስመር እንደሚሠራ ግን የዕቃው እውነት ነው። ካርድ ላይ የታካሚውን ሁኔታ እንጂ የሐኪሙን ልማድ አንጽፍም። ፕሮግራሙ ነገ ይለወጣል፤ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ሊያነበው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የጅምላ ስም። የቺፑን ቁጥር መጨረሻ በ«ኤክስ» ተክቶ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት፣ «አንቲባዮቲክ ይሰጠው» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። ነገ አንዱ ቺፕ የተለየ ጠባይ ሲያሳይ መለያ አይኖረውም።

አራተኛ፣ ቅጹን ክፍት መተው። ያልተዘረዘረ ነገር እንዳይገባ ካልተከለከለ፣ ፊደሉ የተሳሳተ ስም ማንም ሳያየው ያልፋል። ቅጹ ውስጥ ምሳሌ አስገብቶ ከከርነሉ ጋር ባለው መፈተሻ ማስኬድ ይህን ይይዛል።

መፈተሻው ግን ቅርጹን እንጂ እውነቱን አያይም። ቁጥሩን ከአምራቹ ሰነድ ጋር የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋል። አንዴ የወጣ ቅጽ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም፤ የድሮውን ጽሑፍ የያዙ ማሽኖች በአዲሱ ከርነልም መሥራት አለባቸው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎቻችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያንብብ። እኔን ያዳነችኝ «እስቲ እንለካ» ያለች ሲስተር ናት። የምንሠራቸው ማሽኖችም እንዲህ የሚል ሰው አጠገባቸው ይኑር።