የወፎች ቃልና ቅደም ተከተሉ

(በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በጁገል ገበያ ሐረርኛ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ቃል ከቃል ካልተጋጠመ ሐሳብ አይሞላም። ቅደም ተከተሉም ትርጉሙን ይለውጣል፤ «የቤት ሰው» ሌላ፥ «የሰው ቤት» ሌላ ነው። ይህ ጥበብ የሰው ብቻ ነው ሲባል ኖሯል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ዱር ወፎች የተገኘውን ልንነግራችሁ እንወዳለን።

በጃፓን አገር አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። «ዙሪያችሁን ተመልከቱ» እንደ ማለት ያለ አንድ ድምፅ፥ «ወደዚህ ኑ» እንደ ማለት ያለ ሌላ ድምፅ አላት። ጠላትን ተባብሮ ለማባረር ሁለቱን ታጣምራለች። ተመራማሪው ቶሺታካ ሱዙኪና ባልደረቦቹ የተቀዳውን ጥምር ድምፅ ቢያሰሟቸው፥ ወፎቹ ዙሪያቸውን እየቃኙ ቀረቡ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን እምብዛም አልቃኙም፥ አልቀረቡምም። ይህ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ታተመ።

በዚያው ዓመት በደቡባዊው አፍሪካ ስላሉት የካላሃሪ ወፎችም ተመሳሳይ ጥናት ወጣ። እነዚህ በመንጋ የሚኖሩ ጥቁርና ነጭ ወፎች፥ በምድር ላይ ጠላት ሲያዩ የማስጠንቀቂያውንና የመጥሪያውን ድምፅ አገናኝተው ጓደኞቻቸውን ይሰበስባሉ። የእነርሱ ዘመዶች በአገራችን ቁጥቋጦ ውስጥም ይኖራሉ።

ወፍ እንደ ሰው ትናገራለች ማለታችን አይደለም፤ ሁለት ድምፅ ማጣመር ቅኔ መዝረፍ አይደለምና። ነገር ግን ተራ ጫጫታ የመሰለን ነገር መልእክት ሆኖ ተገኘ።

የካላሃሪ ወፎች መሬት ጭረው ሲመገቡ፥ አንዱ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀድሞ በጁገል በሮች ዘበኛ ይቆም እንደ ነበረው ማለት ነው። ወንጭፍ ለያዘ ልጅ ደግሞ ለዒላማ የሚቀለው ይኸው በግልጥ የቆመው ወፍ ነው። እርሱ በወደቀ ጊዜ መንጋው ዘበኛውን ያጣል።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ወንጭፉን ትታችሁ ደብተርና እርሳስ ያዙ። የትኛው ድምፅ ቀደመ? የትኛው ተከተለ? የሰሙት ወፎችስ ምን አደረጉ? ይህን ቀን በቀን ጻፉ። ሱዙኪን ያስመሰገነው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ለመጠየቅም ጆሮና ትዕግሥት ይበቃል።