ሠላሳ ስድስቱ ቀጠሮዎች
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ስለ ሕክምና ለመናገር መነሣታችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። የምንናገረው ግን ከመዝገባችን ተነሥተን ነው። በዚህ ዓመት ከእናቶቻችን አንዷ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ስቴንት ገባላቸው። ተራ ገብተን ምግብ አደረስን፤ የአንድ ወር የቤት ኪራያቸውንም ከፈልን። ከዚያ በመዝገቡ ላይ «ተጠናቋል» ብለን ጻፍን።

አልተጠናቀቀም ነበር። ሐኪማቸው የልብ ማገገሚያ ፕሮግራም አዝዘውላቸው ኖሮ ከ36 ቀጠሮ የሄዱት 7ቱን ብቻ ነው። ለምን እንደተዉት ስንጠይቃቸው፣ «የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣልኛል? ያ መራመጃ ማሽንም ጉልበቴን ጨረሰው» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ጠይቀናል፣ አንብበናል። ፕሮግራሙ በባለሙያ ክትትል መራመድን፣ ብስክሌት መርገጥን፣ ጡንቻ ማጠንከርን፣ የምግብና የመድኃኒት ምክርን ያጠቃልላል። ጥቅሙ የታወቀ ነው። በ2021 የታተመ የ85 ጥናቶች ግምገማ፣ እንቅስቃሴውን የሠሩ ሕሙማን በልብ ሕመም መሞታቸውና ሆስፒታል መተኛታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም በእነዚያ ጥናቶች ከተሳተፉት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። እዚህ አሜሪካም ሴቶች ወደ ፕሮግራሙ የሚላኩት ከወንዶች ባነሰ ቁጥር ነው።

ሕመምተኛ ሁሉ አንድ አይደለም። የልብ ድካም ያለባቸው አረጋውያን በመራመጃ ማሽን መጀመር ሊከብዳቸው ይችላል። በ2021 ውጤቱ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 349 ሕሙማንን ይዞ ሚዛን ከመጠበቅ፣ ከጥንካሬና ከወንበር ከመነሣት ጭምር አስጀመራቸው። ከሦስት ወር በኋላ አካላቸው በግልጽ በረታ፤ ወደ ሆስፒታል የሚመለሱት ቁጥር ግን ጎልቶ አልቀነሰም። ጉልበት የሚያማቸውም ተቀምጠው የሚረግጡት ብስክሌት እንዲሰጣቸው መጠየቅ ይችላሉ።

የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ምታቸው እንደ ሌላው ሰው ስለማይጨምር፣ ባለሙያዋ «ምን ያህል ደከመዎት?» ብላ ከ6 እስከ 20 ባለው መለኪያ ትጠይቃለች። በእንግሊዝኛ ብትጠየቅ እናታችን ምን ትመልስ? አንገቷን ነቅንቃ «ደህና ነኝ» ትላለች። ስለዚህ አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ ከአገር ቤት የመጡ እኅቶችም አሉን። ቫልቭ በቀዶ ሕክምና የተጠገነላቸው ወይም የተለወጠላቸውም ለፕሮግራሙ ብቁ ናቸው። የደረት አጥንታቸው እስኪገጥም ግን ከባድ ነገር ማንሣት የለባቸውም፤ የሊጡን ባልዲ ሌላ ሰው ያንሣላቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። ሜዲኬር 36ቱን ቀጠሮዎች እስከ 36 ሳምንት ድረስ ለመዘርጋት ይፈቅዳል። እናታችን በሳምንት ሦስት ጊዜ ካልሆነ የማይቻል መስሏቸው ነበር። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን መቀጠል ይቻል እንደሆነ የጠየቀላቸው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ተጨማሪ መድን የሌለው ሰው ከየቀጠሮው 20 በመቶ ያህሉን ከኪሱ መክፈሉንም አላሰብንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው በጀት ሁለት መስመር እንዲጨመር እንጠይቃለን፤ አንዱ ለመጓጓዣ፣ ሌላው ለዚህ የኪስ ክፍያ። ደጋፊዎቻችን፣ የምንለምነው ማሽን እንድትገዙልን አይደለም። ማሽኑ አለ፤ እናቶቻችን እዚያ እንዲደርሱ እርዱን።

እናታችን ሐኪማቸውን እንደገና ለመጠየቅ ተስማምተዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣላቸው እኅት ግን ገና አላገኘንም። የስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።